የሐይቅ ዳሩ የ«ሳይሎ» ምሽት፦ ክርክሩ አንደኛ፣ አንሶላው ግን ገና ይቀረዋል

ባሕር ዳር ላይ፣ ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ወረድ ሲሉ ካሉት ጭማቂ ቤቶች አንዱ ቅዳሜ ማታ ግቢው ውስጥ ነጭ አንሶላ ወጥሮ «ሳይሎ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ያሳያል። ክፍሉ ሲያልቅ መብራት ይበራና ታሪኩ በምን ይቋጫል የሚለው ክርክር ይከፈታል። ሰው የሚመጣው በዋናነት ለዚህ ክርክር ነው፤ ቤቱንም የምንመዝነው በእሱ ነው።

ለማያውቁት፦ አሥር ሺህ ያህል ሰው «ሳይሎ» በሚባል፣ መሬት ውስጥ በተቆፈረ 144 ፎቅ ውስጥ ይኖራል። አሳንሰር የለም፣ ያለው ደረጃ ብቻ ነው። ውጭው መርዝ ነው ይባላል፤ የወጣ ይሞታል። የመጀመሪያው ሲዝን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ሲሆን ሁለተኛው በጃንዋሪ 2025 አልቋል፤ እያንዳንዱ 10 ክፍል አለው። በዲሴምበር 2024 ደግሞ አራተኛው ሲዝን የመጨረሻው እንደሚሆን በይፋ ተነገረ። መጨረሻው የት እንደሆነ ከታወቀ ወዲህ ግምቱ መልክ ያዘ፤ ከዚያ በፊት «ይቀጥል ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነው ነበር።

አስቸጋሪው ነገር ታሪኩ ከአሜሪካዊው ደራሲ ከሂዩ ሃዊ ልብ ወለዶች የተወሰደ መሆኑ ነው። መጻሕፍቱ ተጽፈው ካለቁ ቆይተዋል፣ መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው በየጠረጴዛው አይጠፋም። ቤቱ ለዚህ ያወጣው ደንብ ሊመሰገን ይገባል፦ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ከኋላ ይቀመጣል፣ መጠየቅ ይችላል፣ መመለስ ግን አይችልም። ከኋላ መቀመጣቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አፋቸው ቢዘጋ ፊታቸው ይናገራል።

ሁለተኛው ደንብ ከዚህም ይበልጣል። የሚገምት ሰው ስንተኛው ክፍል፣ የትኛው ትዕይንት ላይ እንዳየው ይናገራል፤ አጫዋቹ ልጅ ወደ ኋላ መልሶ ያሳያል። ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ «ኢ» የምትለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ሲጫን ምስሉ አንድ በአንድ ይራመዳል። በመጀመሪያው ሲዝን ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጁልየት ውጭ ስትወጣ የራስ ቁሯ መስታወት ላይ የምታያቸው ወፎች፣ ሳይሎው ውስጥ ተደብቆ ከቆየው፣ ውጭውን ከሚያሳየው ቪዲዮ ወፎች ጋር አንድ ዓይነት አበራረር እንዳላቸው ለማመሳከር ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። መስታወቱ የሚያሳየው አረንጓዴ ሜዳ ሐሰት መሆኑ የሚረጋገጠው እዚያች ላይ ነው።

ችግሩ፣ የሐይቅ ዳር ትንኝ የፕሮጀክተሩን ብርሃን ይወዳል። ሌንሱ አጠገብ የምታልፍ አንዲት ትንኝ አንሶላው ላይ የወፍ ያህል ጥላ ትጥላለች፤ የወፎቹ መንጋ ላይ ሲደርስ የትኛው ወፍ፣ የትኛው ትንኝ እንደሆነ መለየት ያቅታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከፕሮጀክተሩ አራት አምስት ሜትር ራቅ አድርጎ፣ ከተመልካቹ ጀርባ፣ ብርሃኑ አንሶላው ላይ እንዳያርፍ ከልሎ፣ ደመቅ ያለ ሌላ አምፖል ማብራት። ትንኙ ወደዚያ ይሳባል። ቤቱ ይህን እስካሁን አላደረገም።

ከግምቶቹ ሁሉ ብዙ ደጋፊ ያለው «ውጭው በእርግጥ ንጹህ ነው፣ መርዙ ውሸት ነው» የሚለው ነው። ይህ ግን በማስረጃ ደንብ ሲፈተን አይቆምም። የመጀመሪያው ሲዝን ፍጻሜ የሚያርፈው የመውጫው ልብስ በሚታሸግበት ቴፕ ላይ ነው፦ ለሚወጡ ሰዎች የሚሰጠው ቴፕ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ነበር፣ ጁልየት የተረፈችው ጥሩው ቴፕ ስለተሰጣት ነው። መርዝ ባይኖር የቴፑ ጥራት ለውጥ አያመጣም ነበር። ሁለተኛው ሲዝን ሲጀምር ደግሞ 17ኛው ሳይሎ የተባለው ሌላው ሳይሎ በር ላይ የተከመረው አጽም አለ። ስለዚህ ሚዛን የሚደፋው «መርዙ እውነት ነው፣ ግን ወሰን አለው» የሚለው ነው፤ ፍጻሜውም ያንን ወሰን ከመሻገር ጋር ይያያዛል ብለን እናምናለን።

ከፖሊ ግቢ የሚመጡት የጨርቃ ጨርቅ ተማሪዎች ለክርክሩ የሚጨምሩት ነገር ደግሞ ሌላ ቦታ አይገኝም። ሁለተኛው ሲዝን ጁልየትንና የሳይሎውን መሪ በርናርድን መውጫው ክፍል ውስጥ እሳት ሲለቀቅባቸው አሳይቶ ያቆማል። ተማሪዎቹ የሚነሱት ከልብሷ ነው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልብስ ነው ይላሉ። እንዲህ ያለ ልብስ የሚሠራበት አራሚድ የተባለው ክር አይቀልጥም፣ ይከስላል፤ የከሰለው ንጣፍ ሙቀቱን ለጥቂት ሰከንድ ያዘገያል። ልብሱ እርጥብ ከሆነ ውኃው መጀመሪያ ሙቀቱን ይመጥጣል፣ ቀጥሎ ግን ወደ እንፋሎት ተለውጦ ገላን ያቃጥላል። እንግዲህ ጁልየት ትተርፋለች፣ ግን ሳትጎዳ አትወጣም። በርናርድ እንዲህ ያለ ልብስ የለውም። እንዲህ ያለ ክርክር ሲሰማ ሰዓቱ አይታወቅም።

የሁለተኛው ሲዝን የመጨረሻ ትዕይንት ግን በቂ ጊዜ አይሰጠውም። ታሪኩ በድንገት ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ድሮው ዘመን ይሄዳል፤ አንድ የኮንግረስ አባልና አንዲት ጋዜጠኛ ቡና ቤት ይገናኛሉ፣ የዳክዬ ራስ ያላት የከረሜላ መያዣ ስጦታ ትሆናለች። ያቺው መያዣ በመጀመሪያው ሲዝን ከተከለከሉት የጥንት ዕቃዎች መሀል ታይታለች። ቀሪዎቹ ሲዝኖች ሁለት ዘመን ጎን ለጎን እንደሚሄዱ የምትጠቁመው ይህች ትዕይንት ናት፤ ቤቱ ራሷን የቻለች አንድ ምሽት ቢሰጣት ይገባታል።

ወደ ምስሉ እንምጣ። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም አይጥልም፤ ጥቁሩ የሚሆነው አንሶላው በጨለማ ያለው መልክ ነው። የሳይሎ ታችኛው ፎቅ ሁሉ ጨለማ ነው፣ ስለዚህ በአካባቢው የሚበራ አንድ አምፖል ግማሹን ትዕይንት ይበላዋል። አስተናጋጆቹ የግቢውን መብራት ያጠፋሉ፤ የጭማቂ መፍጫው ጋ ያለው ግን እንደበራ ይቀራል፣ ብርሃኑም የአንሶላውን ቀኝ ጎን ያነጣዋል። በግራ በኩል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ በደንብ ያያል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት መጀመርም ከንቱ ነው፣ ሰማዩ ገና አይጨልምም። አንሶላው ከታች ክብደት ስለሌለው ከሐይቁ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ጽሑፉ ይወዛወዛል፤ ታችኛው ጠርዝ ላይ የብረት ዘንግ ቢሰፋበት ነገሩ ያልቃል።

ሰብታይትሉ፣ ማለትም ከምስሉ ሥር የሚወጣው ጽሑፍ፣ አንዳንዴ ከንግግሩ ጋር አይገጥምም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻ እኩል የሚዘገይ ከሆነ «ጂ» እና «ኤች»ን በመጫን ይስተካከላል። እየቆየ የሚራራቅ ከሆነ ግን የተሠራው ለሌላ የምስል ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ 25 ምስል ላለው ቅጂ የተሠራ ሰብታይትል 24 ገደማ ምስል ባለው ላይ ሲጫን በ50 ደቂቃ ክፍል መጨረሻ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቀድማል። እሱን ቁልፍ በመጫን ማዳን አይቻልም፣ ሌላ ፋይል መፈለግ ነው። ልጁ ይህን ቀድሞ ቢፈትሸው የሃያ ደቂቃ ትርምስ ይቀርልናል።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፣ ፕሮጀክተሩ ግን ድርግም ይላል። አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ እንዲህ በተቆረጠ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ ጄኔሬተር ቢነሳም ወዲያው አይበራም። አንድ ሺህ ቪኤ አቅም ያለው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ቢገዙ ቢያንስ በሥርዓቱ አቀዝቅዞ ለማጥፋት ይበቃቸው ነበር።

ምግቡ ጥሩ ነው። ስፕሪሱ አቮካዶው ወፍራም፣ ስኳር ያልበዛበት ነው። ቀረሶ ጥብስ የሚፈልግ ግን ፊልሙ ሳይጀመር አዝዞ ይብላ፤ እሾሁን በጨለማ መልቀም አይቻልም፣ ከተጀመረ በኋላ የታዘዘ ዓሣም ለክርክሩ ሰዓት ቀዝቅዞ ነው የሚበላው። ለመግቢያ አይከፈልም፣ አንድ ነገር ማዘዝ ይበቃል። አዲስ የሚመጣ ሰው ሃያውንም ክፍል አይቶ ቢመጣ ይሻላል፤ ክርክሩ ላይ ማንም የሁለተኛውን ሲዝን ምሥጢር አይደብቅለትም።