በልክ ለደገስነው ሰርግ፦ አስተባባሪያችንን አመስግኑልኝ

ሰርጋችን አምሮ አለቀ፤ ዕዳም አላስከተለብንም። ለዚህ ከፈጣሪና ከቤተሰብ ቀጥሎ የማመሰግናት አስተባባሪያችንን ነው። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። ሥራዋን ግን ሳልናገር አላልፍም።

«ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ አስተባባሪ ይቀጥራል እንዴ?» ያሉን ነበሩ። እኔ የማምነው የዚህን ተቃራኒ ነው። ብዙ ያለው ሰው አንዱ ቢበላሽበት በሌላ ይተካል። በልክ የያዘ ሰው ግን አንድ ቀብድ ያለቦታው ከከፈለ የቀረው ዕቅድ ሁሉ ይናጋል። ውል አንብቦ የሚያስረዳው ሰው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን የዲኮር ፎቶ ልናሳያት ስልካችንን ከፍተን ነበር። እሷ «እሱ ይደርሳል፤ ስንት ሰው ነው የምትጠሩት?» አለች። ምግቡ፣ መጠጡ፣ ወንበሩ፣ የጥሪ ካርዱ፣ የአዳራሹ ስፋት፣ ሁሉም በሰው ቁጥር ይባዛል። አበባ ብትቀንሱ የምታተርፉት ከአበባው ብቻ ነው። ሰው ስትቀንሱ ግን ከሁሉም ላይ ይቀንሳል። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ክብ ጠረጴዛ 8 ሰው ያስቀምጣል። ስለዚህ ስሙን በ8 በ8 እየከፈልን ጻፍነው። አንድ ሰው ሲተርፍ አዲስ ጠረጴዛ፣ አዲስ ጨርቅ፣ አዲስ አበባ ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ቁልጭ ብሎ ታየን።

ስም መሰረዝ ቤተሰብ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ በጣም ከፍቷት ነበር። አስተባባሪያችን አጠገቧ ቁጭ አለችና «እማማ፣ ማንንም አንሰርዝም። ዘንድሮ ደውለው ደህንነታቸውን የጠየቋቸውን ብቻ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያስጽፉኝ» አለቻት። እናቴ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ በራሷ አንደበት ስም ትጠራላት ጀመር። ያቺን ምሽት መቼም አልረሳትም።

ቀኑን ሰርግ በማይበዛበት ወር፣ ያውም በሥራ ቀን አደረግነው። ፎቶ አንሺውም ዲኮር ሠሪዋም በዚሁ ምክንያት ቀነሱልን።

አንድ አዳራሽ ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ በጣም ረክሶ አገኘነው። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ውሉን ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችልን። ሰዓት ካለፈ በየሰዓቱ ተጨማሪ ክፍያ አለ። ጽዳት ለብቻ፣ የድምፅ መሣሪያ ለብቻ ይከፈላል። ዲኮር ከውጭ ካስገባችሁም ትከፍላላችሁ። ስትደምረው ውድ ነው ብለን ከተውነው አዳራሽ በለጠ። በመጨረሻ የያዝነው ቦታ ላይ ዲኮር ሠሪዎች የሚገቡበትን ሰዓትና ቀን ቢቀየር ቀብዱ ምን እንደሚሆን ሳይቀር በጽሑፍ አስፈረመችልን።

ቬሎው የእህቴ ነው። በሰውነቴ ልክ የሚያስተካክልልኝ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ያገኘችልኝ አስተባባሪያችን ናት። ነጭ ቬሎ በዓለም ላይ እንዲህ የተለመደው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ነው። እሷም የሰርጓን ዳንቴል ከዚያ በኋላ ደጋግማ ለብሳዋለች። ንግሥት ከደገመችው እኔ የእህቴን ብለብስ ምን ይጎድልብኛል?

በዕለቱ ጠዋት የቬሎው የጎን ስፌት ተተረተረ። ሚዜዎቼ ሲደናገጡ አስተባባሪያችን ከቦርሳዋ መርፌ አወጣች። ነጩ ክር አስቀድሞ ገብቶበታል፤ ጫፉም ተቋጥሯል። እንደቆምኩ ሰፍታው በጥርሷ በጠሰችው። ቃል በተግባባንበት ቦታ የነበረውን አበባ ደግሞ እንግዶች ፎቶ ሲነሱ ወደ ሙሽሮች ጠረጴዛ አዛወረችው። ሁለት ቦታ የሚያስፈልገንን አበባ አንድ ጊዜ ብቻ ገዛን ማለት ነው።

ክፍያዋ ቁርጥ ነው፤ ከማንም አቅራቢ ኮሚሽን አትቀበልም። ደረሰኙ ሁሉ በእኛ እጅ ገብቷል። ከጠቅላላው ገንዘብ አንድ አሥረኛውን «ይህን እንዳትነኩት» ብላ አስቀምጣብን ነበር። መሃል ላይ የድምፅ መሣሪያው ሲበላሽ ሌላ የተከራየነው ከዚያ ላይ ነው። እንግዳ ምንም ሳያውቅ ሙዚቃው ቀጠለ።

ፊት ለፊት ተናጋሪ መሆኗን ግን ቀድማችሁ እወቁ። የማይሆነውን አይሆንም ትላለች፤ አታባብልም። እኔ ይህንንም ወድጄላታለሁ።

አስተባባሪያችን፣ ትልቅ ድግስ እንደሚደግስ ሰው አክብረሽ ስላስተናገድሽን እኔም ባለቤቴም ከልብ እናመሰግንሻለን። እጅሽ ይባረክ።

ስልኳን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ፤ ፈቅዳልኛለች። ቀደም ብላችሁ ደውሉላት፣ ቀኗ ቶሎ ይያዛል። የያዛችሁትን ገንዘብ ሳታሳንሱም ሳታበዙም ንገሯት፤ ስትሄዱም የእንግዶቻችሁን ስም ዝርዝር ይዛችሁላት ሂዱ።