ሳይስቁ ማሳቅ፦ የ1952ቱ የ‹‹ኧርነስት›› ፊልም

የኦስካር ዋይልድ ኮሜዲ ተውኔት ‹‹ኧርነስት የመሆን ቁም ነገር›› ለንደን በሚገኘው ሴንት ጄምስ ቴአትር መድረክ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 14 ቀን 1895 ነው። ከፊልም ቅጂዎቹ መካከል ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው አንቶኒ አስኩዊዝ በ1952 ያዘጋጀውና ኦሊቨር ፓርከር በ2002 ያዘጋጀው ናቸው። ለአንዱ ብቻ ጊዜ ያለው ሰው አሮጌውን ይምረጥ።

ይህ ኮሜዲ የሚያስቀው ተናጋሪው ቀልድ እየተናገረ መሆኑን ፈጽሞ ያላወቀ ሲመስል ነው። ሌዲ ብራክኔል ልጇን ግዌንዶለንን ለማግባት የጠየቀውን ጃክን እርሳስና ማስታወሻ ደብተር ይዛ ትመረምረዋለች። ሲጋራ እንደሚያጨስ ሲነግራት ደስ ይላታል፤ ወንድ ልጅ አንድ የሆነ ሥራ ሊኖረው ይገባላ! ገቢው በዓመት ከ7,000 እስከ 8,000 ፓውንድ ነው፤ ከመሬት ሳይሆን ከኢንቨስትመንት መምጣቱን ስትሰማ ይበልጥ ትረካለች። የዘመኑ ተመልካች እዚህ ላይ የሳቀው በምክንያት ነበር። ከ1870ዎቹ ወዲህ የእህል ዋጋ በመውደቁ የመሬት ኪራይ አሽቆልቁሏል፤ በ1894 ደግሞ አዲስ የውርስ ግብር መጥቷል። መሬት ማዕረግ ይሰጣል፤ ማዕረጉን የሚያኖር ገንዘብ ግን ይነፍጋል የምትለው ለዚህ ነው። የጃክ ቤት የለንደን ባለጸጎች በሚኖሩበት ቤልግሬቭ አደባባይ ላይ ቢሆንም ፋሽን ባልሆነው በኩል ነው። ሴትዮዋ ለዚህም መላ አላት፤ ካስፈለገ ፋሽኑም አቅጣጫውም ይለወጣል።

በ1952ቱ ፊልም ሌዲ ብራክኔልን የምትጫወተው ኤዲት ኢቫንስ ይህን ሁሉ የምትለው እንደ ዳኛ ኮስተር ብላ ነው። ጃክ በሕፃንነቱ ቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ፣ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ፣ በእጅ ቦርሳ ተገኘሁ ሲላት ‹‹የእጅ ቦርሳ›› የሚለውን ቃል ተቀብላ ድምፅዋን እያወጣችና እያወረደች ትስበዋለች። ሚናውን በ1939 መድረክ ላይ ተጫውታዋለችና እያንዳንዱን ፊደል የት እንደምታሳርፍ ታውቃለች። ከእሷ በኋላ የመጡት ተዋንያን ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ከቀዷት ተመልካቹ ያስተያያል፣ ከሸሿት ደግሞ የሚጠብቀውን ያጣል።

ሌላው ብርቱ ቦታ የሻይ ጠረጴዛው ነው። ግዌንዶለንና ጃክ በአሳዳጊነት የያዛት ሴሲሊ እያንዳንዳቸው ለኧርነስት የታጨሁት እኔ ነኝ ብለው ይጣላሉ። ግዌንዶለን ስኳር ከፋሽን ወጥቷል፣ ኬክም በታላላቅ ቤቶች አይታይም ብላ ዳቦ በቅቤ ትጠይቃለች። ሴሲሊ አራት እንክብል ስኳር ትጨምርላትና ትልቅ ኬክ ቆርሳ ታቀርብላታለች። አሽከሮቹ አጠገባቸው ስለቆሙ መሰዳደብ አይቻልም፤ ጠቡ በሙሉ በስኳር ማንሻው ይካሄዳል። ጆን ግሪንዉድና ዶሮቲ ቱቲን ድምፃቸውን ሳያነሡ ይጨርሱታል። ብዙ አማተር ቡድን የሚወድቀው እዚሁ ነው፤ ልጃገረዶቹን ያስጮሃቸዋል፣ ከጮሁ ደግሞ አሽከሮቹ እዚያ የቆሙበት ምክንያት ይጠፋል።

ፊልሙ ጉድለት አለው። የሚጀምረውም የሚያበቃውም በቴአትር መጋረጃ ነው፤ ካሜራውም እንደ ተመልካች ወንበሩን የያዘ ይመስላል። ከዚህ የሚብሰው የፍጥነቱ ነገር ነው። መድረክ ላይ ተዋናይ ሳቁ እስኪበርድ ይጠብቃል። እዚህ ግን የሚጠብቅ የለምና በአንዱ ስትስቁ ሁለተኛው ያመልጣችኋል። መፍትሔው የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ከሥር ማብራት ነው። የተውኔቱ የቅጂ መብት ጊዜው ስላለፈ ጽሑፉ በነጻ ይገኛል፤ የመጀመሪያውን ገቢር ብቻ አስቀድሞ ማንበብ እንኳ ብዙ ያግዛል።

ርእሱም ማብራሪያ ይፈልጋል። ‹‹ኧርነስት›› የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ‹‹ከልቡ የሆነ፣ ቁም ነገረኛ›› ከሚለው ቃል ጋር አንድ ዓይነት ይሰማል፤ ደህና ሰምና ወርቅ ነው። ኧርነስት ነኝ እያለ የሚዋሸውን ሰውዬ ‹‹እውነቱ›› ብለን ብንሰይመው ጨዋታው በአማርኛም ይቀርባል፤ ሁለቱ ልጃገረዶች እውነቱ ካልተባለ ወንድ ጋር አንጋባም ብለዋል እንደማለት።

የ2002ቱ ፊልም ተዋንያን አላነሱትም፤ ጁዲ ዴንች፣ ኮሊን ፈርዝ፣ ሩፐርት ኤቨሬት አሉ። ችግሩ አዘጋጁ ቃሉን ብቻውን አላመነውም። በአየር ፊኛ መምጣት ተጨመረ፤ ግዌንዶለንም ስሙን ገላዋ ላይ ተነቀሰች። በስነ ሥርዓት ታፍኖ የነበረው ነገር ገሃድ ሲወጣ የሚሳቅበት ያንሳል። አንድ ውለታ ግን ውሎልናል። ዋይልድ መጀመሪያ የጻፈው አራት ገቢር ነበር፤ የቴአትሩ ባለቤትና መሪ ተዋናይ ጆርጅ አሌክሳንደር ወደ ሦስት አስቀነሰው። ያኔ ከወጡት ትዕይንቶች አንዱ የጃክ ወዳጅ አልጀርኖን ኧርነስት ነኝ በማለቱ የኧርነስት የሳቮይ ሆቴል ዕዳ፣ 762 ፓውንድ ከ14 ሺሊንግ ከ2 ፔንስ፣ ተጠይቆ ሊታሰር የሚደርስበት ነው። ፓርከር ይህን መልሶታል። ከትዕይንቱ ጋር ሲታይ የባለጸጎቹ ምግብ በዱቤ መሆኑ ቁልጭ ይላል።

በነገራችን ላይ፣ ዋይልድ በ1895 ጸደይ ተከስሶ ሲፈረድበት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ የ1952ቱ ፊልም አዘጋጅ አባት ነበሩ። ልጃቸው ከ57 ዓመት በኋላ የዚያን ሰው ተውኔት ቃሉን ብዙም ሳይነካካ ለሲኒማ አቀረበው።