ሬይድ ላላችሁ፦ የትኛው ባክአፕ ያዋጣል?

ሬይድ (አንድ ዲስክ ሲበላሽ ዳታው እንዳይጠፋ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራው ዘዴ) ገዝታችሁ "ዳታዬ ተጠብቋል" ብላችሁ ከተኛችሁ ተነሱ። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢበላሽ ይችለዋል፣ ሬይድ 6 ሁለት። ከዚያ በላይ አይጠብቅም። አንድ ሰው ፎልደር በስህተት ካጠፋ ከሁሉም ዲስክ እኩል ይጠፋል፣ ራንሰምዌር (ዳታ ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ቢገባም ያው ነው። ስለዚህ ለተጨማሪ ዲስክ የያዛችሁት ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ለባክአፕ፣ ማለትም ለብቻው ለሚቀመጥ የዳታ ቅጂ፣ አውሉት።

ሙሉ ባክአፕ በየጊዜው ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ ይገለብጣል። ቦታም ጊዜም ይበላል፤ 10 ቴራባይት በ1 ጊጋቢት ኔትወርክ ከ22 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ በየሌሊቱ የሚሞከር አይደለም። ኢንክሪመንታል ካለፈው ባክአፕ ወዲህ የተቀየረውን ብቻ ስለሚይዝ ቶሎ ያልቃል። ጣጣው የሚመጣው ዳታው ሲመለስ ነው፦ እሁድ ሙሉውን ወስዳችሁ ዓርብ ሰርቨሩ ቢወድቅ፣ የእሁዱን መልሳችሁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉትን አራቱን በተራ ማስከተል ግድ ነው፣ የማክሰኞው ተበላሽቶ ከተገኘ ደግሞ የምትተማመኑት እስከ ሰኞ ባለው ብቻ ነው። ዲፈረንሻል መሃል ላይ ነው። ካለፈው ሙሉ ባክአፕ ወዲህ የተቀየረውን ሁሉ ስለሚይዝ በየቀኑ እየወፈረ ይሄዳል፣ ለመመለስ ግን የእሁዱና የሐሙሱ ይበቃሉ።

እኔ ብሆን በሳምንት አንዴ ሙሉ፣ በየቀኑ ዲፈረንሻል። ሰርቨር ወድቆ ሰው ሁሉ ሲጮህባችሁ አምስት ባክአፕ በቅደም ተከተል መደርደር አያምርም። ዳታችሁ ከ2 ቴራባይት ካልበለጠ ግን ምን አስጨነቃችሁ፣ በየሌሊቱ ሙሉውን ውሰዱ።

የት ይቀመጥ? ለአብዛኛው ሰው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይበቃል። ሁለት ግዙና አቀያይሯቸው፣ አንዱ ሁሌም ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፣ ምክንያቱም ተሰክቶ የሚውለውን ራንሰምዌሩ አብሮ ይበላዋል። ቴፕን ደግሞ አርጅቷል ብላችሁ አትናቁት፤ አንድ ኤልቲኦ-9 ካርትሪጅ (የዳታ ቴፕ ካሴት) ዳታው ሳይታመቅ 18 ቴራባይት ይይዛል፣ ከድራይቩ (ካሴቱን ከሚያነበው ማሽን) ከወጣ በኋላ በኔትወርክ የሚደርስበት የለም። ድራይቩ ግን ውድ ነው፣ ለጥቂት ቴራባይት አያዋጣም።

ክላውድ (በኢንተርኔት የምትከራዩት ማከማቻ) ከእሳትም ከሌባም ያድናል፣ ግን በ100 ሜጋቢት መስመር 10 ቴራባይት ለማውረድ ከ9 ቀን በላይ ትጠብቃላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ዳታውን መልሶ ማውረድ ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቁ፤ ማስገባቱን በነጻ አድርገው ማውጣቱ ላይ የሚያስከፍሉ አሉ።