መርፌ ከመሸጥ መጥረግን ለመረጡት ጋሼ

አዲስ የሸክላ ማጫወቻ ገዝታችሁ «ምነው እንዲህ ይንጣጣል?» እያላችሁ የምታማርሩ ሁሉ ይቺን ምስጋና ከነጥቆማዋ አንብቡልኝ። ማጫወቻዬን የጠገኑልኝ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን! ስማቸው በአደባባይ እንዳይነሳ ስለለመኑ ጋሼ ብቻ እያልኩ እቀጥላለሁ። የት እንደሚገኙ ማወቅ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

መጀመሪያ ምሬቱ ይውጣ። ማጫወቻው እሳቸው እጅ ከመግባቱ በፊት ሁለት ቦታ ተንከራቷል። አንደኛው ቦታ «መርፌው አልቋል፣ መርፌውን የያዘው ካርትሪጁም አብሮ ይቀየር» ተባለ፤ መርፌውን በማጉያ መነጽር ያየ ግን አንድም ሰው የለም። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ መርፌው እየዘለለ አስቸገረ ሲባሉ ክንዱ ጭንቅላት ላይ ሳንቲም በፕላስተር ለጥፈው «በቃ፣ ተስተካክሏል» ብለው መለሱት። መዝለሉስ ቆመ። ግን ይሄ ጥገና ነው? የሳንቲሙ ጭነት የሸክላውን ቦይ ያርሰዋል፣ መርፌውን የተሸከመችውን ቀጭን ዘንግ ወደ ላይ ይጫናታል፣ ያዘለለው ችግር ግን ንቅንቅ አላለም። የነማን እንደሆነ አልናገርም፤ ክንዱ ላይ ሳንቲም ካያችሁ ግን ዛሬውኑ አንሱት።

ጋሼ ምንም ሳይናገሩ መጀመሪያ ሳንቲሙን አነሱ። ቀጥለው ማጉያ መነጽሩን መርፌው ላይ አድርገው «ኑ፣ እዩት» አሉ። የአልማዙ ጫፍ አይታይም። በአቧራና በክር ብናኝ ተጠቅልሎ ግራጫ ኳስ ሆኗል። ያ «አልቋል» የተባለው መርፌ ማለት ነው! ትንሽ ደረቅ ብሩሽ አንስተው ከኋላ ወደ ፊት፣ ማለትም ከክንዱ ሥር ወደ ጭንቅላቱ ጫፍ፣ አራት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረጉት፤ ኳሱ ወደቀ። እዚያው አዲስ መርፌ መሸጥ ይችሉ ነበር፤ መደርደሪያቸው ላይም ነበረ። «ይሄ ገና ብዙ ይሠራል» ብለው ዝም።

አቅጣጫው ዋዛ አይደለም። ሸክላው ሲዞር በመርፌው ሥር የሚያልፈው ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ ዘንጓም የተሠራችው ለዚያ ነው። ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ከጠረጋችሁ ትጣመማለች፣ አንዳንዴም ትሰበራለች። በጣት መንካት የተከለከለ ነው፤ የጣት ቅባት ራሱ አቧራ ይስባል። ስትጠርጉ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ዝቅ አድርጉ፣ አለዚያ ስፒከሩ ይደነግጣል። በደረቁ እምቢ ያለ ቆሻሻ ካለ ብሩሹን በጣም ጥቂት አልኮል ማስነካት ይቻላል፤ ፈሳሹ በዘንጓ ላይ ወጥቶ አልማዙን የያዘውን ሙጫና ከኋላ ያለውን ጎማ እንዳያገኝ ግን ጠብታ የሚባል ነገር አይኑር።

ከዚያ ወደ ሚዛኑ ዞሩ፤ የመዝለሉ ምክንያትም እዚያ ተገኘ። አሠራራቸውን ልብ በሉ፣ ቤት ውስጥ ትሞክሩታላችሁ። አንቲስኬቱን (ክንዱ ወደ ሸክላው መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያ) ዜሮ ላይ አደረጉ፣ የመርፌውን ሽፋን አወለቁ፣ ክንዱ ሳይወድቅም ሳይነሳም አየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪንሳፈፍ ድረስ የኋላውን ክብደት አዞሩ። ክብደቱን አጥብቀው ይዘው ቁጥር ያለበትን ቀለበት ብቻ ወደ 0 አመጡ። ቀጥሎ ሁለቱንም አንድ ላይ እያዞሩ የካርትሪጁ መመሪያ የሚለው ላይ አቆሙ። የዚህኛው ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ነው፣ 2 ላይ አደረጉት፤ በትንሽ ዲጂታል ሚዛንም አረጋገጡ። በመጨረሻ አንቲስኬቱን እሱም 2 ላይ።

ብዙ ጀማሪ «ሸክላዬ እንዳይጎዳ ላቅልለው» ይላል። ተሳስቷል። ከመመሪያው በታች የቀለለ መርፌ ቦዩን በደንብ አይዝም፤ እየነጠረ ግድግዳውን ይመታዋል፣ ከትክክለኛው ክብደት ይልቅ የሚጎዳውም ይሄ ነው። ከተጠራጠራችሁ ወደ ላይኛው ቁጥር ተጠጉ።

ሸክላ ሲቀበሉ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት «33 ነው 78?» ብለው ነው። ተራ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ቁጥሩ ሸክላው በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። የ33 እና የ45 ሸክላ ቪኒል የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ የድሮው 78 በአብዛኛው ሼላክ ከሚባል ሙጫ የተሠራ ነው፣ አልኮል ደግሞ ሼላክን ያሟሟዋል። ባለማወቅ አልኮል ባለበት ማጽጃ የተጠረገ 78 ሸክላ አለቀለት። መርፌውም ይለያል፦ የ78ቱ ቦይ ሰፊ ስለሆነ ጫፉ ወደ 75 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) የሚጠጋ መርፌ ይፈልጋል፣ የቪኒሉ 18 ገደማ ነው። ቀጭኑን መርፌ ሰፊው ቦይ ላይ ብታስቀምጡት ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ጫጫታ ብቻ ያሰማችኋል።

ለዕለት ተዕለቱ የካርበን ፋይበር ብሩሽ ይበቃል። ሸክላው እየዞረ ብሩሹን ሳትጫኑ አሳርፉት፣ ሁለት ሦስት ዙር ይሂድ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ጠርዝ አውጡት። ይህን ገጽ በቀየራችሁ ቁጥር አድርጉት። ቆሻሻው የከረመ ቪኒል ከሆነ በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ ይታጠባል፤ የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ የሚተወው ማዕድን ራሱ ይንጣጣል። አንድ ሊትር ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይበቃል፣ በኋላ ያለ ሳሙና በዲስቲልድ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ጨርቁ የቦዩን ዙሪያ ይከተል፣ አያቋርጠው። መሃል ያለው ወረቀት አይርጠብ። ቆሞ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አታጫውቱት። አያያዙን ታውቁታላችሁ፦ ጠርዙንና መሃሉን ብቻ። ማስቀመጥም ቆሞ ነው፤ ከተደራረበ ወይም ፀሐይ ካገኘው ይጎብጣል።

ጋሼ ሌላም የሚያስመሰግናቸው ነገር አለ። ትንሽ ወረቀት ላይ ቀኑን ጽፈው ከማጫወቻው ሥር ለጠፉ። መርፌ እንደ ዓይነቱ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ይሠራል፤ በቀን አንድ ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው 500ውን በዓመት ከአራት ወር ገደማ ይጨርሳል። ቀን ካልተጻፈ ማን ያስታውሳል? «ሰ» እና «ሸ» መሻከር ሲጀምሩ፣ በተለይ ገጹ ሊያልቅ ሲል፣ ማጉያ መነጽሩ ይውጣ። ያለቀ መርፌ ጫፉ እንደ ምላጭ ስለሚሆን በየዙሩ ሸክላ ይቆርጣል፤ ያኔ መቆጠብ አያዋጣም።

የ«እምም» ድምፅ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ እሳቸው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ከማጫወቻው የሚወጣው ቀጭን የግራውንድ ሽቦ አምፕሊፋየሩ ላይ መታሰሩን እዩ። ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ ጋሼም ለዚህ ብለው ገንዘብ አይቀበሉም።

ሂዱ፣ ውሰዱላቸው፣ አትጠራጠሩ። ብቻ ስትወስዱ ለመርፌው ሽፋኑን አልብሱት፣ ክንዱን በማሰሪያው ቆልፉ፣ የኋላውን ክብደትና የሚዞረውን ሳህን አውልቃችሁ ለየብቻ ጠቅልሉ። ክንዱ እየተወዛወዘ የመጣ ማጫወቻ ካዩ ጋሼ ከሰላምታ በፊት ነው የሚቆጡት።