ለቡድናችን አመቻች፦ እግዜር ይስጥልን

ሰላም የአዳማ ልጆች። ዛሬ ምስጋና ይዤ ነው የመጣሁት። የምናመሰግናት የሴቶች ራስ አገዝ ቡድናችንን ያቋቋመችልንን አመቻች ነው። ስሟን ባልጠራም በሰፈራችን ዣንጥላዋን ይዛ ከቤት ቤት ስትዞር ያላያት የለም።

ለማያውቅ፦ ራስ አገዝ ቡድን ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ጎረቤታሞች በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የሚቆጥቡበት ነው። እንደ እቁብ ዕጣ አይወጣም። ብሩ እዚያው ይጠራቀማል፣ አባላት ይበደሩታል፣ በትንሽ ወለድ ይመልሱታል። ወለዱም የራሳችን ነው። ዋስ አምጡ፣ ካርታ አስይዙ የለም። የአራጣ አበዳሪ ደጅ የጠናች ሴት የዚህን ዋጋ ታውቀዋለች። አሠራሩ ከህንድ የመጣ ነው። በአገራችን በፈረንጆቹ 2002 የተጀመረው ግን እዚሁ አዳማ፣ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንና ቲርፈንድ በሚባለው የእንግሊዝ የክርስቲያን እርዳታ ድርጅት ነው።

መጀመሪያ ስትመጣ "እርዳታው መቼ ነው?" ብለን አፋጠጥናት። "እኔ አምስት ሳንቲም አልሰጣችሁም" አለች። ያኔውኑ ተነስተው የሄዱ ነበሩ።

ሥራዋን ላሳያችሁ። አንዷ አባላችን እንጀራ ጋግረው ለመሸጥ ብድር ጠየቁ። አመቻቿ አልፈቀደችም፣ አልከለከለችም። "እትዬ፣ ከኩንታል ጤፍ ስንት እንጀራ ይወጣል? ማገዶውስ? ማን ይረከብዎታል?" እያለች ጠየቀች። እትዬ ማገዶውን ጭራሽ አላሰቡትም ነበር። ቁጭ ብለው አብረው አሰሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ "ብሩ የናንተ ነው፣ እናንተው ወስኑ" ብላ ዝም። ለጊዜው ግማሽ ኩንታል ይበቃል ብለን ሰጠን። ዛሬ እትዬ ለሁለት ሱቅ ያስረክባሉ።

አመቻቿ የብር ሳጥናችንን ነክታው አታውቅም። ማንበብ የማይችሉትም እንዲከታተሉ ብሩ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። ስብሰባውን በየሳምንቱ ሌላ ሰው ይመራል። በሰው ፊት አፋቸውን ከፍተው የማያውቁት ትልቋ እናታችን ተራቸው ሲደርስ ብታዩአቸው! ማርፈድ ቅጣት አለው። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ታበዛዋለች፤ ልቅሶ ደርሼ ነው ማለት እንኳ አያድንም።

አሁን የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው። እኛም ቡድኖች በሚገናኙበት ክላስተር ሁለት ተወካዮች አሉን።

ቡድን ለማቋቋም ያሰባችሁ እንዲህ ያለች አመቻች ፈልጉ። ብሩን እኔ ልያዝላችሁ የሚል ከመጣ በሩን አሳዩት። የእኛዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አትደውሉ፣ ስብሰባ ላይ ነን፤ ስልክ ከጮኸም ቅጣት አለው።