ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ተብሎ በላጲስ የዳነው ኮምፒውተሬ

ሲፒዩዬን ተሸክሜ ሁለት ጥገና ቤት ዞሬያለሁ። (ሣጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ማለት ልክ እንዳልሆነ ልጄ በየጊዜው ያርመኛል። ሰፈሩ ሁሉ ሲፒዩ ነው የሚለው፣ እኔም ከእንግዲህ አልለወጥም።) የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል) አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ዲዲአር 3። ስላይትሊ ዩዝድ ተብሎ ነው የተሸጠልኝ፣ ምኑ ስላይትሊ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

አንድ ቀን ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ስከፍተው ፋኑ ይጮሃል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ነገሩ ድንገት የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያ በፊት ለሳምንታት ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ዌብሳይት ስከፍት «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ቀኑን እያስተካከልኩ ዝም ብዬ እሠራ ነበር።

የመጀመሪያው ጥገና ቤት ወደ ጓዳ ይዞት ገባ። አሥር ደቂቃ እንኳን ሳይቆይ ወጣና «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ፣ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ማለቱ ነው። ላየው ብል «ምን ያዩታል?» አለ። ከዚያ አዲስ ማዘርቦርድ ከነዋጋው ጠራልኝ። ሲፒዩዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሀያ ሁለት አካባቢ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ልጁ ራሱ ሰው በዛብኝ እያለ ነው። ዱካ ሰጥቶ አስቀመጠኝና እዚያው ፊቴ ከፈተው። ውስጡን ሳይ አፈርኩ፣ የስንት ዓመት አቧራ ነው ያቆርኩት! «እትዬ፣ ይሄ እኮ አልሞተም፣ ታፍኖ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ ገመዱን ነቀለ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ያዘ፣ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ነው አለኝ። በር ላይ አውጥቶ በብሎወር ሲነፋው ፋኑን በጣቱ ይዞት ነበር። ለምን ስለው፣ በንፋስ ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ መሽከርከሪያው ይበላሻል አለ። እኔ ቤቴ ስነፋ ፋኑ ሲዞር ደስ እያለኝ ነበር የማየው!

ቀጥሎ ሁለቱንም ራም ነቀለና፣ ያንን ወርቃማ ጥርሱን በተማሪ ላጲስ በቀስታ ፈገፈገው። ብናኙን ጠርጎ አንዱን ብቻ መልሶ ሰካ። ከፈተው። ስክሪኑ በራ። እልል ልል ነበር፣ ሌላ ደንበኛ ስላለ አፈርኩ እንጂ። ተቃጥሏል የተባለው ማዘርቦርድ በላጲስ ዳነ ማለት ነው።

የቀኑ ጣጣ ደግሞ ከሳንቲም የማትበልጥ ባትሪ ኖራለች፣ ሲአር 2032 ትባላለች። 3 ቮልት መሆን ሲገባት በቴስተር ሲለካት ከ2 ትንሽ ነበር የሚበልጠው። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ቀኑን የምትይዝለት እሷ ናት፤ ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ ዌብሳይቶቹ የያዙት የደኅንነት ሰርተፍኬት ጊዜው ያለፈበት ወይም ያልደረሰ ይመስለዋል፣ ለዚህ ነው አላስገባም የሚለኝ የነበረው። ዋጋዋ ከሁለት ማኪያቶ አይበልጥም።

ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቴርማል ፔስትም (ሙቀቱን የሚያሻግረው ቅባት) እንደ ሊጥ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠርጎ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ጣል አደረገና መለሰው። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ላይ በራሱ ጊዜ መጥፋቱን ተወ።

ትልቁ ለውጥ ግን ኤስኤስዲ ነው፣ በሃርድ ዲስክ ቦታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ። እኔን ያስፈራኝ ፎርማት (ዲስኩን ባዶ ማድረግ) ነበር፣ ምክንያቱም የአማርኛ መጻፊያዬ ፓወር ግዕዙም፣ የማመልከቻና የውል ፎርሞቼም ያሉት አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። እሱ ፎርማት ሳያደርግ እንዳለ ወደ ኤስኤስዲው ገለበጠልኝ፣ አሮጌውንም ለመጠባበቂያ መለሰልኝ። ድሮ ከፍቼው ቡና አፈላ ነበር፣ አሁን ወንበሬን ሳላስተካክል ይከፈታል። አሮጌ ዴስክቶፕ ያለው ሰው አንድ ነገር ብቻ ላድርግ ካለ ይሄንን ያድርግ።

አሁን ወደ ወቀሳው። ልጁ «ነገ ይምጡ» ይወዳል። ኤስኤስዲው እስኪመጣ ብሎ በእሱ ነገ ስምንት ቀን ተመላለስኩ። ደረሰኝ የለውም። ዋስትናውም በአፍ ነው፣ «ከተበላሸ ይዘውት ይምጡ» ይላል፣ በቃ።

በአንድ ነገር ደግሞ አልተስማማንም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ፣ ማለትም መደበኛው የደኅንነት ማሻሻያ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 በእኛ አቆጣጠር አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም። «በግድ ላስገባልዎት» አለኝ፣ ይሆናልም። እኔ አልፈልግም አልኩ፣ የሥራ ማሽኔ ላይ ሙከራ አልወድም። ስለዚህ ባንኬን እዚያ ላይ አልከፍትም፣ የደንበኛ ፍላሽም ሳይፈተሽ አይሰካም፣ ያ ፋይሉን ደብቆ አቋራጭ ብቻ የሚያሳይ ሾርትከት ቫይረስ የሚባል ጉድ ስንቴ አስለቅሶኛል።

መብራቱን ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) አናታቸው አብጧል፣ በአየር ማስገቢያው በእጅ ባትሪ አብርቶ አሳየኝ። ይቀየር ብሏል። ራሴ እንዳልከፍተውም አስጠንቅቆኛል፣ ተነቅሎም ቢሆን ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያልና ሰው ይመታል። እስከዚያው መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን እነቅላለሁ፣ ሲመጣም ትንሽ እስኪረጋ እጠብቃለሁ።

ለሚቀጥለው ወር ቀጥሬዋለሁ። ነገ ካላለኝ።