የሚያልቅ ንባብ፦ ስምንት ወር ከፊደር ጋር

ጎንደር ማራኪ ካምፓስ አካባቢ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው የምውለው። ተማሪ ሲበዛ ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም። መብራት ሲጠፋ ግን ኮፒ ማሽኑም፣ ፕሪንተሩም፣ እኔም ቁጭ። ድሮ ያቺን ሰዓት ስልክ ነበር የሚበላብኝ። ቴሌግራም እከፍታለሁ፣ ከዚያ ፌስቡክ፣ ከዚያ ተመልሼ ቴሌግራም። መብራቱ ሲመጣ ምን ስታነብ ነበር ብትሉኝ አንድ የምነግራችሁ ነገር አልነበረኝም።

ጥቅምት ላይ የድረ ገጾችን አዳዲስ ጽሑፍ አንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያስነብብ ፊደር የሚባል አፕ ጫንኩ። አሁን ሰኔ ነው። ስምንት ወር አንድን ነገር ለመውደድም ለመሰልቸትም ስለሚበቃ ያየሁትን ልጻፍ።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ብዙ ድረ ገጾች ከሚታየው ገጽ ጀርባ ፊድ የሚባል ፋይል አላቸው። አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ ርዕሱ፣ ቀኑ፣ ሊንኩ፣ አንዳንዴም ሙሉ ጽሑፉ እዚያ ላይ ይጨመራል። አፑ በየተወሰነ ሰዓት እየሄደ «ካለፈው ወዲህ አዲስ ነገር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሌለ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ካለ ይዞ ይመጣል። በቃ ይኸው ነው። መሃል ላይ ተቀምጦ «ይሄን ቢያይ ይናደዳል፣ ስለዚህ ይቆያል» እያለ የሚመርጥልህ የለም። ይሄ የፊድ አሠራር አርኤስኤስ ይባላል፤ ኔትስኬፕ የሚባለው የድሮ የብራውዘር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የቆየ ነገር ነው። በ2000 የወጣውን 1.0 የሚባለውን ስሪት ካዘጋጁት አንዱ አሮን ስዋርትዝ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። እኔ በ14 ዓመቴ ምን ስሠራ እንደነበር ባይነሳ ይሻላል። ፖድካስትም እስከ ዛሬ የሚሰራጨው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሰው ስሙን ሳያውቅ ይጠቀምበታል።

«ግን ሞቷል አይደል?» አለኝ አንድ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ደንበኛዬ። የሞተው ጎግል ሪደር የሚባለው የጎግል ፊድ ማንበቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀምሮ ጁላይ 1 ቀን 2013 ተዘጋ፤ ብዙ ሰው ያን ቀን ፊዱም አብሮ የተቀበረ መሰለው። ፋይሎቹ ግን ከቦታቸው አልተነሱም።

ፊደርን የመረጥኩት ነጻ ስለሆነ፣ ማስታወቂያ ስለሌለው፣ ኮዱም ክፍት ስለሆነ ነው። አካውንት ክፈት፣ ኢሜይል አምጣ አይልም። እነ ፊድሊና ኢኖሪደር የሚባሉት ሌሎች የፊድ ማንበቢያዎች አካውንት ይጠይቃሉ፤ ጽሑፉን የሚሰበስብልህም የእነሱ ሰርቨር ነው። ያኔ አካውንት አለመኖሩ ትልቅ ጥቅም መስሎኝ ነበር። ዋጋውን ሚያዝያ ላይ ከፈልኩ፤ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት አድካሚ ነው፤ አልዋሻችሁም። ፊዱን ብራውዘር ላይ ስከፍተው ቅንፍ በቅንፍ የሆነ ነገር መጣና የተበላሸ ገጽ ነው ብዬ ዘጋሁት። ለካ እሱ ራሱ ነው! ኋላ ላይ ዘዴው ገባኝ። ወርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ ከሆነ አድራሻው መጨረሻ ላይ ስላሽ አድርገህ በእንግሊዝኛ ፊድ ብለህ ትጽፋለህ፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የገጹን አድራሻ ብቻ ብትሰጠው አፑ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። የዩቲዩብ ቻናልም ፊድ አለው፤ የመጨረሻዎቹን 15 ቪዲዮዎች ያመጣል። ለእኔ ይሄ ትልቅ ግኝት ነበር። የኮፒ ማሽን ጥገና የሚያሳየኝን ቻናል ለማየት ብዬ ዩቲዩብ ገብቼ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሰው ሠርግ እያየሁ የምገኝበት ጊዜ አበቃ።

ዳታ ላይ ሰው ይጠይቀኛል። አፑ በዋይፋይ ብቻ ሰብስብ የሚል ማስተካከያ አለው፤ እሱን አብርቼዋለሁ። ጠዋት ፒያሳ ማኪያቶ የምጠጣበት ቤት ዋይፋይ አለ፤ ስኒውን ሳልጨርስ የቀኑን ይሰበስባል። ሙሉ ጽሑፉን አውርድ ብዬ ስላዘዝኩት ታክሲ ውስጥም፣ ሱቅም ያለ ኔት አነባለሁ። ሥዕሎቹ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ኔት አይመጡም። ጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ጢም ብሎ ኔቱ ሲንቀራፈፍ፣ ጓደኞቼ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ሲያነሱ እኔ ጥላ ስር ተቀምጬ ሳነብ ነበር። ትንሽ ጉራ ነው፤ ይቅር በሉኝ።

አሁን ወደ ወቀሳው። 34 ፊድ አለኝ። አማርኛ ዘጠኙ ብቻ ናቸው። ከዘጠኙ አምስቱ እኔ ከገባሁ በኋላ ለወራት አንድ መስመር አልጻፉም። ይሄ የአፑ ጥፋት አይደለም። ጥሩ አማርኛ የሚጽፉ ሰዎች ብሎጋቸውን ትተው ቴሌግራምና ፌስቡክ ገብተዋል፣ እነዚህ ደግሞ ፊድ አይሰጡም። ዘወር አድርገው የሚያመጡ መሣሪያዎች አሉ። ሁለቱን ሞከርኩ፤ አንዱ በሳምንቱ ዝም አለ፣ ሌላው አንዱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ እያመጣ አሰለቸኝ። ተውኩት። ስለዚህ ከቴሌግራም ሙሉ በሙሉ ወጣሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት፤ ወይ አማርኛ አያነብም፣ ወይ ይዋሻል።

ሁለተኛው ወቀሳ ለእኛ ብቻ የሚገባ ነው። አፑ የማትፈልገውን ቃል ርዕሱ ላይ ካየ ጽሑፉን የሚደብቅበት ዝርዝር አለው። እኔ «ሰበር ዜና»ን ለመገላገል ፈለግኩ፤ ምክንያቱም ሰበር የሚባለው ነገር አብዛኛው የተሰበረ ነገር የለበትም። በእሳቱ «ሰ» ጻፍኩ፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ በንጉሡ «ሠ» የተጻፈ «ሠበር» ዓይኔ ላይ ተገተረ። እሱንም ጨመርኩ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉት መጡ! ለአፑ «ሰ» እና «ሠ» ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ጽሑፍ ጮክ ብሎ የማንበቡም ነገር እንዲሁ ነው፤ እንግሊዝኛውን ያነባል፣ ስልኬ ላይ የአማርኛ ድምፅ ስለሌለ አማርኛው ሲመጣ ዱዳ ይሆናል።

ሚያዝያ ላይ ምን ሆነ? ስልኬ ባልዲ ውስጥ ገባ። ሩዝ ውስጥ ቅበረው ተባልኩ፣ ቀበርኩት፤ ሩዙም ስልኩም ተበላሹ። ጥገና ቤት ሰጠሁት። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲመልስልኝ ፈገግ ብሎ «ፎርማት አድርጌልሃለሁ፣ አሁን አዲስ ነው» አለኝ። አዲስ ነበር እውነትም። ፊደር ውስጥ ምንም የለም። አካውንት የለማ! ፊዶቼ የነበሩት እዚያ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ሁለት ሌሊት እያስታወስኩ አንድ በአንድ ለቀምኩ፤ ሦስቱን እስካሁን ስማቸውን ማስታወስ አልቻልኩም። አፑ ዝርዝሩን በአንድ ፋይል የሚያወጣበት መንገድ እኮ አለው፣ ኦፒኤምኤል ይባላል፤ ያንኑ ፋይል ሌላ አንባቢ አፕ ውስጥም ብታስገባው ይቀበልሃል። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አሁን በየወሩ አወጣለሁ። የት እንደማስቀምጠው ታውቃላችሁ? ቴሌግራም ላይ፣ ለራሴ ልኬ። ከጠላቴ ሸሽቼ ንብረቴን እሱ ጓዳ አስቀመጥኩ።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት። አንዷን የምቀንሰው በሚያዝያው ንዴቴ ነው እንጂ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ማለቁን ነው። ጠዋት የመጣውን አንብቤ ስጨርስ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ሌላ የሚመጣ የለም። መጀመሪያ ሰሞን አውራ ጣቴ ከልማዱ የተነሳ ባዶውን ስክሪን ወደ ላይ ይገፋ ነበር።

ይሄን ከእኔ በላይ የገባቸው ጋሼ ናቸው። የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ የድሮ ማስታወሻቸውን ኮፒ ለማድረግ ይመጣሉ። ታኅሣሥ ላይ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። የናሳን የዕለቱ የጠፈር ፎቶ አስገባሁላቸውና በሁለት ጣታቸው እያሰፉ አንዷን ጋላክሲ ሩብ ሰዓት አዩዋት። «ሌላ አሳየኝ» አሉኝ። «ለዛሬ አልቋል ጋሼ፣ ነገ ይመጣልዎታል።» ዝም አሉ። «ታዲያ ጋዜጣ በለኛ!» አሉ። ስሙን ፊደር ነው ብላቸውም ለእሳቸው ፊደል ሆነ። «ፊደሌ ዛሬ ምን ይዞልኝ ይሆን» እያሉ ነው የሚገቡት።

ከማይጽፉት አምስት ብሎጎች የአንዱን ነገር ሳልናገር ነበር። ስለ ብራና መጻሕፍት አሠራር የሚጽፍ ሰው ነው። መጨረሻ የጻፈው እኔ ከመግባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ስልኩ ፎርማት ሲደረግ እሱን ልተወው አስቤ ነበር፣ ከዚያ ምን ይፈጃል ብዬ መልሼ ጨመርኩት። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስሙ አጠገብ 1 የምትል ቁጥር አየሁ። ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። ስለ ጥቁር ቀለም ነው የጻፈው፤ ከጥላሸትና ካረረ እህል ተሠርቶ ወራት ሙሉ እየተማሰለ እንደሚቦካ። ላይክ የለው፣ ኮሜንት የለው፣ የት ጠፍተህ ነበር ያለውም የለም። ፌስቡክ ላይ ቢሆን ይሄን ሰው ከረሳሁት ቆይቷል።

ትናንት ከሰዓት መብራት ጠፋ። ጋሼ በር ላይ ያለችው ዱካ ላይ ተቀምጠው «የእኔ ፊደል ባዶ ነው፣ አንተስ ምን አለህ?» አሉኝ። የቀለሙን ጽሑፍ አነበብኩላቸው። መሃል ላይ አስቆሙኝና አያታቸው ቀለም ሲበጠብጡ ልጅ ሆነው ያዩ እንደነበር፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫቸው ላይ እንዳለ ነገሩኝ። «ይሄን ጻፍለት ለሰውየው» አሉ። እንዴት እንደሚጻፍለት ልፈልግ ገና ገጹን ስከፍት መብራቱ መጣ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ በሩ ላይ ደግሞ አራት ተማሪዎች ፍላሽ ይዘው ቆመዋል።